ቤቱ የገዢው የሚሆነው መቼ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ስለ ካሬው፣ ስለ መኪና መግቢያው፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቆ አይጠግብም። አንዷን ጥያቄ ግን ይዘላታል። ይህ ቤት የእኔ የሚሆነው የትኛው ቀን ላይ ነው? ቀብድ ስሰጥ? ውልና ማስረጃ ሄጄ ስፈርም? ወይስ ቁልፍ ስረከብ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስቱንም አይቀበልም። በአንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲገባ ነው፤ በተለመደው አነጋገር ካርታው በገዢው ስም ሲዞር ማለት ነው። ገንዘብ ከወጣበት ቀን እስከ ስም ዝውውሩ ያለው ጊዜ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈጃል። የቤት ሽያጭ ጣጣ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ተደብቆ የሚቆየው በዚህ መሀል ነው።

በመጀመሪያ ግን የሚሸጠው ምንድን ነው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አድርጎታል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ቤቱ ነው፤ ቦታው በይዞታነት ይከተለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሸወድበት ነገር አለ። ደላላ «ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም» እያለ ዋጋ ያስጨምራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግን ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት በሊዝ ሥሪት እንደሚይዘው ደንግጓል። ነባርነቱ ለሻጩ ነበር እንጂ ለገዢው አይተላለፍም።

ቀብድ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሕጉ ግን ከበድ አድርጎ ነው የሚያየው። ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው «ትንሽ ነገር ያዙለት» ሲል ገዢው ካርታውን እንኳ ሳያይ ከሆነ የያዘለት፣ ራሱን ነው ያሰረው።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት መፈረም አለበት፤ ከዚያም አንቀጽ 1723 በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ክፍል ይመዝገብ ይላል። መንደር ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀትስ? የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ምዝገባው ለውሉ መጽናት አስፈላጊ ነው ብሏል። በኋላ በሰጠው ውሳኔ ደግሞ ሻጩ ውሉን ካመነ አለመመዝገቡ ብቻውን አያፈርሰውም የሚል አቋም ይዟል። ከዚህ የሚተርፈው የመንደር ውል ዕጣው በሻጩ ኅሊና ላይ መውደቁ ነው፤ የቤት ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት ከተማ ደግሞ ያ ኅሊና ይፈተናል።

ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል ዋጋን አሳንሶ ማስጻፍም የተለመደ ነው። ጥቅሙ አይታየኝም። የቴምብር ቀረጡና አሹራው ሲሰላ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ያወጣል፤ ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር ዝም ብሎ አይወስድም። ሽያጩ ቢፈርስ ግን ገዢው በእጁ ያለው ማስረጃ ያ የተጻፈው ዋጋ ነው፤ ከሱ በላይ መክፈሉን በሰው ምስክር ላስረዳ ቢል ሕጉ በጽሑፍ ውል ላይ ምስክር አቁሞ ማስተባበልን አይወድም።

ካርታ ማየት ግድ ነው፤ ማየት ግን አይበቃም። በአንቀጽ 1195 እና 1196 መሠረት ካርታ የባለቤትነት ግምት የሚያስወስድ ሰነድ ነው፤ ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። ባንክ በመያዣ ይዞት፣ ፍርድ ቤት አግዶት ወይም ያልተከፈለ ሊዝ ኖሮበት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚናገረው መሬት አስተዳደር የሚሰጠው የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ከፊርማው ቀን ብዙ ከራቀ ደግሞ ድጋሚ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እገዳ በአንድ ቀን ይገባል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ዕዳው ማለቁንና የመሸጥ ክልከላው ጊዜ ማለፉን መጨመር ነው።

ከሁሉ በላይ ሲያፋርድ የሚኖረው የትዳር ጉዳይ ነው። ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ ስለተጻፈ ቤቱ የባል ብቻ አይሆንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንደኛው ተጋቢ ስም የተመዘገበውንም ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የጋራ ቤት ለመሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማችው ሚስት ሽያጩን ካወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ትችላለች። ውልና ማስረጃ የጋብቻ ወይም የያላገባ ማስረጃ አምጡ የሚለው ለዚህ ነው። ሻጩ «ከተለያየን ቆየን» ካለ ደግሞ የፍቺውን ውሳኔና የንብረት ክፍፍሉን ማየት ያሻል። መለያየት ፍቺ አይደለም።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው ቤቱን በወኪል ቢሸጥስ? ይቻላል፤ ግን ውክልናው «እንዲያስተዳድር» ብቻ ካለ አይሸጥም። አንቀጽ 2205 ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይረጋገጥና አዲስ አበባ ላይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያየዋል። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ስለዚህ ገዢው ወኪሉ ፊት በስልክ ባለቤቱን ማነጋገሩ ነውር የለበትም። የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ ካለው ቤት መግዛት ይችላል።

ክፍያው በሲፒኦ ቢሆን ዱካው ይቀራል። ጠንቃቃ ገዢ ከዋጋው የተወሰነውን ስሙ ሲዞር እከፍላለሁ ብሎ ውሉ ላይ ያስገባል። ሻጩም የሚያሳስበው ነገር አለ፤ ስም እስኪዞር የቦታ ግብሩም የመብራቱ ዕዳም የሚጠየቀው በእሱ ስም ነው። የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጨርስ፣ ተከራይ ካለ መቼ እንደሚወጣ ያልጻፈ ውል ሁለቱንም ክፍለ ከተማ ያመላልሳል።