ተረትና እውነታ፦ «ለበጎ ነው» እና የክርስቲያን ተስፋ

በልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንደ «ለበጎ ነው» ፈጥኖ ከአፍ የሚወጣ ቃል ጥቂት ነው። ሥራውን ላጣም፣ ፈተና ለወደቀም፣ ሕመም ለጸናበትም ይኸው ቃል ይሰጣል። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ የሚያጽናና መስሎት፣ አንዳንዴም ዝምታው ከብዶት ነው። ከቃሉ በስተጀርባ ግን በብዙ ምእመናን ልብ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ እውነተኛ አማኝ አያዝንም፣ አያማርርም፣ ክፉውን በአፉ አይጠራም፤ ቀና አመለካከት ማለትም መጥፎውን እንዳላዩ አልፎ መልካሙን ብቻ መናገር ነው። ይህ እምነት የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም። አንዱ ዘንድ በለሆሳስ «ተመስገን በል እንጂ» ተብሎ፣ ሌላው ዘንድ በማይክሮፎን «አሉታዊ አትናገር» ተብሎ ይሰማል። ክርስትና ቀና አመለካከትን ያስተምራል፤ በዚህ አልከራከርም። የሚያስተምርበት መንገድ ግን ሐዘንን መካድ አይደለም። መጀመሪያ እውነቱን በእግዚአብሔር ፊት መናገር፣ ከዚያም በእጅ ያለውን ሥራ መያዝ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ፣ መልካም መልካሙን ብቻ ያወራ ሰው ምን እንደሚሆን ያሳየናል፤ ያ ሰውም የሐሰት ነቢይ ነበር።

ታሪኩ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 ላይ ነው። ናቡከደነፆር የቤተ መቅደሱን ዕቃ ዘርፎ፣ ንጉሡን ኢኮንያንንና ብዙ ሕዝብ ማርኮ ወደ ባቢሎን ከወሰደ በኋላ፣ ሐናንያ የሚባል የገባዖን ሰው በቤተ መቅደስ፣ በካህናትና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆመ። የባቢሎን ቀንበር ተሰብሯል፣ የተማረከው ሰውና የተዘረፈው ዕቃ በ2 ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ተናገረ። ኤርምያስ ለምልክት አንገቱ ላይ ያሰረውን የእንጨት ቀንበርም ነጥቆ ሰበረው። የዚያን ዕለት ሕዝቡ የትኛውን ነቢይ እንደወደደ መገመት አያስቸግርም። ኤርምያስ አሜን፣ እንዳልኸው ይሁን አለ፤ እሱም ቢሆን የወገኖቹን መመለስ አልጠላምና። ግን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፣ የሚያውቀውንም አልደበቀም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ለምርኮኞቹ የጻፈላቸው ደብዳቤ 70 ዓመት ይላል። ስለዚህም ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። ዛሬ በምረቃ ካርድና በታክሲ መስታወት ላይ የሚለጠፈው፣ እግዚአብሔር የሰላም ሐሳብና የተስፋ ፍጻሜ እንዳለው የሚናገረው ቁጥር የተወሰደው ከዚሁ ደብዳቤ ነው። ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር 10 ግን ማንም አይለጥፈውም። ያን ደብዳቤ ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ አገራቸውን ሳያዩ እንደሚሞቱ የሚናገረው እርሱ ነውና።

70 ዓመት ተብሎ የሚነገር ተስፋ ምኑ ተስፋ ነው የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ያለው ሁለቱ ተስፋዎች በሰው ላይ በሚያመጡት ውጤት ላይ ነው። በ2 ዓመት እመለሳለሁ ያለ ምርኮኛ ቤት አይሠራም፤ ጓዙን ጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ እምነቱም አብሮ ያልፋል። 70 ዓመት የተባለው ግን ዛሬ የሚተክለው ነገር አለው። ኤርምያስ ራሱም ቢሆን ጨለምተኛ አልነበረም። ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እሱም በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ በጠላት እጅ ሊወድቅ የተቃረበውን የዓናቶት መሬት ከአጎቱ ልጅ ከአናምኤል በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ውሉን አስፈርሞ፣ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። ከተማዋ እንደምትወድቅ የሚናገረውም፣ በዚያችው አገር መሬት የሚገዛውም አንድ ሰው ነው። የክርስቲያን ተስፋ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቅ ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላውቅም።

ታዲያ «መልካሙን ብቻ ተናገር» የሚለው ከየት መጣ? ብዙዎች ጥንታዊ የወንጌል ትምህርት ይመስላቸዋል። የቅርብ ምንጩ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፊንያስ ኩዊምቢን ከመሰሉ ሰዎች የተነሣ፣ ሕመምም ሆነ ጤና ከአስተሳሰብ ይመነጫል የሚል የአእምሮ ፈውስ እንቅስቃሴ ነው። ይህን ሐሳብ በስፋት ወደ ምእመናን ቤት ያስገባው በኒውዮርክ የማርብል ኮሌጂየት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበረው ኖርማን ቪንሰንት ፒል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው የቀና አስተሳሰብ መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። ከእሱ ጎን ለጎን እነ ኬንየንና እነ ሄገን የተባሉ ሰባኪዎች ያስፋፉት፣ የተናገርኸው ይሆንልሃል የሚለው የእምነት ቃል ትምህርት ነበር፤ «እናውጃለን» የሚለው የየመድረኩ ልማድ ከዚህ ወገን ነው። ፒል ብዙ የተሰበረ ሰው እንዳበረታታ አልክድም። ትምህርቱ የሚጎድለው ግን ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ነው፤ ያኔ ጥፋተኛው የታመመው፣ የከሰረው፣ ልጁ የሞተችበት ሰው ራሱ ይሆናል፤ በደንብ አላመነማ።

በሥነ ልቦና በኩልም ይህ መንገድ የሚባልለትን ያህል አልሆነም። ጋብሪኤሌ ኦቲንገንና ቶማስ ዋደን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን ከዓመት በኋላ አዩአቸው። ይሳካልኛል ብለው በቁም ነገር የጠበቁት የበለጠ ቀንሰዋል። መቅጠናቸውን በሚያምር ሕልም እየሳሉ ሲደሰቱ የነበሩት ደግሞ ያነሰ ነው የቀነሱት። ተስፋ ማድረግና በሕልም መርካት ልዩ ልዩ ናቸው ማለት ነው። የሐናንያ አድማጮችም ከሁለቱ የተሰጣቸው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የፊልጵስዩስን መልእክት የሚጠቅስ ተከራካሪ ይነሣል፤ ጳውሎስ ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ ብሎ አላዘዘም ወይ? አዝዟል፤ ያውም ከእስር ቤት። በዚያች ባለአራት ምዕራፍ ደብዳቤ ውስጥ ደስታ ከ10 ጊዜ በላይ ይነሣል። ግን በዚያው ደብዳቤ ምዕራፍ 2 ላይ ባልንጀራው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ሲነግራቸው፣ ቢሞት ኖሮ በሐዘን ላይ ሐዘን ይደራረብብኝ ነበር ይላል። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ስለ አንዳንዶች እያለቀሰ እንደሚጽፍ ይናገራል። ደስታን ያዘዘው ሰው ያለቅሳል፣ ማልቀሱንም አይደብቅም። ለተሰሎንቄ ሰዎችም ስለ ሙታን ሲጽፍ፣ የከለከላቸው ተስፋ እንደሌላቸው ሆነው እንዳያዝኑ ነው እንጂ ጨርሶ እንዳያዝኑ አይደለም። ጌታም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አልቅሷል። «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል የሚደገፍበት ሮሜ 8፡28 እንኳ፣ ፍጥረት ሁሉ እንደምትቃትት፣ አማኞችም በውስጣቸው እንደሚቃትቱ ከሚናገሩ ቁጥሮች በኋላ ነው የሚመጣው። ጳውሎስ ቁጥር 28ን ሲጽፍ ከመቃተቱ አልሸሸም፤ በመካከሉ ሆኖ ነው የጻፈው።

መዝሙረ ዳዊትን ለሚደግም ሰውማ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ከመዝሙራቱ ሲሶ ያህሉ የልቅሶና የአቤቱታ ጸሎቶች ናቸው። አብዛኞቹ በሰቆቃ ጀምረው በምስጋና ያልቃሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። በብዙ የአማርኛ እትሞች 88ኛ፣ በግእዙ ዳዊት 87ኛ የሆነው መዝሙር በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን የሚያህል ተስፋ የቆረጠ የሚመስል ጸሎት ከመጽሐፏ አላወጣችውም። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር 7 ቀንና 7 ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው በተቀመጡበት ጊዜ ጥሩ ለቀስተኞች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በነሱ ላይ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር ተናገረ የተባለው በምሬት ሲጮህ የነበረው ኢዮብ ነው። በሕማማት ሳምንትም ቤተ ክርስቲያን በመስቀል መሳለምን አቁማ፣ ምእመናኗን በስግደትና በሐዘን ታሳልፋለች፤ ፋሲካ እንደሚመጣ ከማንም በላይ እያወቀች።

ከፊልጵስዩሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ የሚከተለው ነው፦ እስራኤል በምድረ በዳ ስላጉረመረሙ አልተቀጡም ወይ? ተቀጥተዋል። ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ሲከፈት እንኳ በማጉረምረማቸው እሳት ይወርድባቸዋል። ያው ምዕራፍ ግን የሙሴንም ምሬት ይዟል፤ ይህን ሕዝብ እኔ ፀነስሁትን፣ ሸክሙ ከበደኝ፣ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ እስከማለት ደርሷል። ለእሱ የመጣለት እሳት አልነበረም፤ ሸክሙን የሚካፈሉ 70 ሽማግሌዎች ናቸው። በአንድ ምዕራፍ ሁለት ዓይነት ምሬት፣ ሁለት ዓይነት መልስ። ልዩነቱ በምሬቱ ብዛት አይመስለኝም፤ ሙሴ የተናገረው ከሁሉም የባሰ ነበር። ሕዝቡ እርስ በርሱ እያጉረመረመ ወደ ግብፅ ፊቱን አዞረ፤ ሙሴ ግን ወደ እግዚአብሔር ዞሮ ተናገረ። ብሶትን ለማንም ሳያቀርቡ ከራስ ጋር ማመላለስ ያደክማል። ለሚሰማ ማቅረብ ግን ረዳት ያስገኛል።

ምስጋናስ? እዚህ ላይ ልማዳችን ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል፤ ለ«እንደምን አደራችሁ» መልሳችን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነውና። ችግሩ ከመለመዱ ብዛት ባዶ መሆኑ ነው። በቅዳሴ የሚደርሰው ጸሎተ አኮቴት ግን ምስጋናውን በደፈናው አይተወውም፤ ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ብሎ ምክንያት ይቆጥራል፣ ወዲያው ደግሞ ለሚመጣው ጥበቃ ይለምናል። አስቸጋሪ ነገር የለም አይልም። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ አምስት የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች ለ10 ሳምንት የጻፉ ተማሪዎች፣ የሚያበሳጫቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ውጤቱን መጠነኛ አድርገውታል፤ ተአምር የሚጠብቅ አይጠብቅ። ለእኔ ዋናው ነገር ምስጋናው ዝርዝር መሆኑ ነው። «ስለ ሁሉ ነገር ተመስገን» ያለ ሰው አንድም ነገር ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ ጎረቤቷ ትናንት ልጇን ከትምህርት ቤት ስላመጣችላት ያመሰገነች ሴት ግን የሆነ ነገር አይታለች። ሐዘኗም በዚህ አልተካደም።

የበረሃ አባቶችም ከሐዘን ጋር መታገልን እንደ ሙያ ይዘውታል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረው ኤቫግሪዮስ ሰውን ከሚዋጉት 8 አሳቦች ውስጥ ሐዘንንና መሰላቸትን ይቆጥራል። ሐዘንን እንደ ውጊያ ሲጽፍ በማንም ላይ እንደማይደርስ ነገር አድርጎ አይደለም፤ ለመነኮሳት የጻፈው ለነሱ ስለሚደርስባቸው ነው። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረው ደግሞ አጭርና ግልጽ ነው። በበረሃ ተቀምጦ ልቡ በተሰላቸበትና አሳቡ በጨለመበት ቀን፣ እሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲታታ አየ፤ እንዲህ አድርግ ትድናለህም ተባለ። ፊትህን አብራ፣ መልካም አስብ አልተባለም። ሥራና ጸሎት እያፈራረቀ እንዲውል ነው የተነገረው። ስሜት በቀጥታ ትእዛዝ አይለወጥም፤ የቀኑ አዋዋል ግን በሰው እጅ ነው፣ ስሜትም ብዙ ጊዜ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

የመጨረሻው ተረት ከሁሉም የሚጎዳው ነው፦ ድብርት የያዘው ሰው እምነት ጎድሎታል የሚለው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ድል ማግሥት ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞቱን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ስብከት ሳይቀድም እንቅልፍና ምግብ፣ ኋላም ረዳት የሚሆነው ኤልሳዕ ተሰጠው። በአሜሪካ ኬኔት ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ ሆስፒታል የተኙ 55 ዓመት ያለፋቸውን ሕሙማን ለ2 ዓመት ያህል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት፣ እግዚአብሔር ትቶኛል ብለው ያሰቡና ፍቅሩን የተጠራጠሩ በሽተኞች የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አያስችልም። ለታመመ ሰው «እምነትህ ቢጸና ኖሮ» የሚል ቃል መጨመር ግን ያንኑ ቁስል ማባስ ነው። ጸበል ይበቃል፣ ሐኪም ቤት መሄድ ክህደት ነው ለሚልም ከራሱ መጽሐፍ መልስ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ በሽተኛው እንዲጸልይና ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድ ትንፋሽ ያዝዛል። ያው ምዕራፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ለሞተ ሰው እንባ እንዲፈስስ፣ ልቅሶውም እንደ ወጉ እንዲደረግ ይመክራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐዘን ሰውን ይጎዳልና ተጽናና ይላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጽናናቱ የሚመጣው ከልቅሶው ቀጥሎ ነው፣ በሱ ፈንታ አይደለም።