የዲኤንኤና የአርኤንኤ ኬሚስትሪ፦ ደመወዝ የሚከፈልበት ዶክትሬት

ኬሚስትሪ ተምረው ማስተርስዎን ከያዙ፣ የሕይወትን ምስጢር ወደሚመረምር የዶክትሬት ሥራ መግባት ይችላሉ። ዘርፉ ኬሚካል ባዮሎጂ ይባላል፤ በኬሚስትሪ መሣሪያ የሕዋስን አሠራር ማጥናት ማለት ነው።

ዲኤንኤ የዘር መረጃ የተጻፈበት ሞለኪውል ነው። አርኤንኤ ያንን መረጃ ቀድቶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሕዋስ ክፍል ያደርሳል፤ ሌላም ብዙ ሥራ አለው። ተመራማሪው እነዚህን በላብራቶሪ ይሠራል፣ ጥቂት አተሞችን ይቀይራል፣ ከዚያ ውጤቱን ያያል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ2023 ኖቤል የተሸለሙት እንዲህ ባለ ለውጥ ነው፦ የአርኤንኤን ፊደል፣ ማለትም ሰንሰለቱ የተገጣጠመበትን አሃድ፣ ቀይረው ሰውነት እንደ ጠላት እንዳይቆጥረው አደረጉ። በአርኤንኤ የተሠሩት የኮቪድ ክትባቶች የቆሙት በዚያ ላይ ነው።

የየዕለቱ ሥራ ምን ይመስላል? የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ሰንሰለት በማሽን፣ ፊደል በፊደል ይገጣጠማል። እያንዳንዱ መያያዝ 99 በመቶ ቢሳካ እንኳ፣ 100 ፊደል ካለው ሰንሰለት ሙሉ ሆኖ የሚወጣው 37 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ብዙው ጊዜ የሚያልቀው በማጣራት ነው። አርኤንኤ ደግሞ ከቆዳችን በሚመጣ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ይበጣጠሳል። ያለ ጓንት አይነካም። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ይሰቃያል፤ የቅጥር ማስታወቂያ ግን ይህን አይነግርዎትም።

ክፍያውስ? ስዊድንን እንውሰድ። የዶክትሬት ትምህርት ከየትኛውም አገር ለመጣ ሰው በነፃ ነው፤ ተማሪውም አብዛኛውን ጊዜ ተቀጥሮ፣ ግብር የሚቆረጥበት ደመወዝ ያገኛል። ትምህርቱ 4 ዓመት ነው። እስከ 20 በመቶ የሚሆን የማስተማር ሥራ ከተጨመረበት 5 ይሆናል። ከኪስ የሚወጣው ሌላ ነው፦ ትራንስክሪፕት ማውጣት፣ ከተጠየቀ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ የቤት ኪራይ። ለእነዚህ አስቀድመው ይቆጥቡ።

የአውሮፓ ኅብረትም በማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ ስም የዶክትሬት ቦታዎችን ይደግፋል። ዜግነት አይጠየቅም። አንድ ደንብ ግን ብዙዎችን ይጥላል፦ ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በቀጣሪው አገር ከ12 ወር በላይ መኖር ወይም መሥራት አይፈቀድም። ላለፉት ሁለት ዓመታት ጀርመን የኖረ ኢትዮጵያዊ ለጀርመን ቦታ አይሆንም፤ ለዴንማርክ ግን ይችላል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ቦታዎቹ እንደማንኛውም ሥራ በዩኒቨርሲቲዎች የቅጥር ገጽና ዩራክሰስ በተባለው የአውሮፓ ተመራማሪዎች ድረ ገጽ ይወጣሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አይላኩ፤ እንዲያ ያለውን ፕሮፌሰሮች በሁለት መስመር ይለዩታል። የላብራቶሪውን አንድ ጽሑፍ አንብበው፣ እርስዎ በእጅዎ የሠሩት ነገር ከዚያ ጋር የት እንደሚገናኝ ይጻፉ። «ቦታ አስይዝልዎታለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ግን አይክፈሉ፤ በስዊድን ለእነዚህ ቦታዎች ማመልከት በነፃ ነው።