ለአንድ ዘንግ ስንት ይከፈላል? ከካዛንቺስ ወደ ሐይቅ ለሚያስቡ

ስልካችሁ ላይ አንድ የዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካያችሁ አበቃ፤ በማግስቱ አሥር ይደረደርላችኋል። ካዛንቺስ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጣ የአሜሪካ ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚያሽከረክረውን ሰውዬ የሚከታተል ወጣት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ውጭ አገር ላለ ዘመድ መልእክት ይላካል፦ «ስትመጪ አንድ ዘንግ ይዘሽልኝ ነይ፣ ያንን ከላይ ሪል ያለውን።» ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም «ያንን» የተባለው ዘንግ የተሠራው እኛ ዘንድ ለሌለ ዓሣ ነው።

ቪዲዮዎቹ ላይ የምታዩት ባለ ትልቅ አፍ ዓሣ ባስ ይባላል። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ሰዎች ወደ ሌላ ዓለም ወስደውታል፤ ጎረቤታችን ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ከገባ ወደ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ጃፓንም አለ። የዓለም ክብረ ወሰኑ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ተያዘ፤ በ2009 ደግሞ ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ እኩያው ተገኘ። እኛ ጋ ያለው ሌላ ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕ፣ ቢልጫ፣ ከጫሞና ከአባያ ደግሞ ናይል ፐርች። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው የባስ ዘንግ ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ለባስ ከተሠሩት ዘንጎች ውስጥ የኛን ዓሣ የሚችለው፣ ኪሴንም የማያራቁተው የቱ ነው?» መሆን አለበት።

መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነት እንለይ። ሪሉ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ስፒኒንግ ይባላል። ክሩ የተጠቀለለበት ከበሮ ስትወረውሩ አይንቀሳቀስም፤ ክሩ እየተፈታ ብቻ ይወጣል። ለጀማሪ ቀላል ነው፣ ቀላል ነገርም ይወረውራል። ሪሉ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ደግሞ ቤይትካስቲንግ ነው። እዚህ ከበሮው ራሱ ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱን የምትቆጣጠሩት በአውራ ጣታችሁ ነው። አውራ ጣታችሁ ከዘገየ ከበሮው ከክሩ ይቀድምና ሁሉም ነገር ይተበተባል። አሜሪካኖቹ «የወፍ ጎጆ» ይሉታል። የገና በግ ጠጉር ቢባልም ያስኬዳል። ያንን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን ይፈልጉታል? ጉልበትና ትክክለኛነት ስላለው ነው። ከባድ ማባበያ ትወረውራላችሁ፣ ወፍራም ክር ይይዛል፣ ዓሣው ሣርና ቄጤማ ውስጥ ሲደበቅ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ። የለመደ ሰው ማባበያውን የባልዲ አፍ ላይ ያሳርፈዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ቪዲዮዎቹ ላይ ስሙ የማይጠፋው አቡ ጋርሲያ የተባለው የሪል ስም የአረብ አይደለም፤ «አቡ» የሚለው የመጣው ከስዊድን የሰዓት ፋብሪካ ምህፃረ ስም ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1921 ተቋቁሞ የኪስ ሰዓትና የታክሲ ቆጣሪ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ቆጣሪ የሚገዛ ሲጠፋ ፊቱን ወደ ዓሣ ሪል አዞረ። ለሚኒባስ ሰልፍ ለተፈጠርነው ለኛ የታክሲ ቆጣሪ ሠሪ ወደ ሐይቅ መውጣቱ ትንሽ ያስቀናል።

እሺ፣ ዘንጉ ላይ የተጻፉት ቁጥሮችና ፊደሎች ምንድን ናቸው? ከመያዣው በላይ በትንሹ ተጽፈዋል፣ ከማስታወቂያው ይልቅ እነሱን እመኑ። ርዝመቱ በጫማ ነው። 7 ጫማ ማለት 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጉልበቱ ነው፤ ኤም መካከለኛ፣ ኤም ኤች ከመካከለኛ ከበድ ያለ፣ ኤች ከባድ። ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ይነግራችኋል። ሌላው አጎባበጡ ነው። «ፋስት» ከተባለ ጫፉ ብቻ ይጎብጣል፣ የታችኛው ክፍል ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፤ መንጠቆው ቶሎ ይተከላል፣ ጫፉ የዓሣውን ንክሻ ወደ እጃችሁ ያመጣል። «ሞደሬት» ከተባለ ደግሞ ግማሹ ይለመጣል፤ ረጋ ያለ ነው፣ ዓሣው ሲወራጭ መንጠቆው እንዳይነቀል ያግዛል። ብዙ ሰው ጉልበትንና አጎባበጥን ያምታታል። ጉልበት «ምን ያህል ይከብዳል?» ሲሆን አጎባበጥ «የቱ ጋ ይታጠፋል?» ነው።

በመጨረሻ የክርና የማባበያ ክብደት አለ። አንድ ዘንግ ለብዙ ነገር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ፍለጋችሁ ይህ ይሁን፦ 7 ጫማ፣ ኤም ኤች፣ ፋስት፣ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ክር የሚችል፣ ማባበያው ከ7 እስከ 28 ግራም። ለባስ አጥማጆች «አንድ ብቻ ግዙ» ከተባሉ ብዙዎቹ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። እኛ ጋም ለአምባዛና ለትልቅ ቢልጫ ይሠራል፤ ትንንሾቹን ናይል ፐርች ይሞክራል። ትልቁን ግን አይችልም። የናይል ፐርች ክብረ ወሰን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ነው፣ ናስር ሐይቅ ግብፅ ውስጥ የተያዘ። ጫሞ ላይ ከባዱን ለሚፈልግ ከባድ ዘንግ፣ ወፍራም ክር፣ ከመንጠቆው በፊት ደግሞ የሚሻክረውን አፉን የሚቋቋም ወፈር ያለ ክር የግድ ነው።

ለቆሮሶ ግን ይህ ዘንግ ትንኝን በመዶሻ እንደመምታት ነው። ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ አልጌና ጥቃቅን ነገር የሚበላ ዓሣ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት አይተው ከሚሮጡት ወገን አይደለም። ትንሽ መንጠቆ፣ ትል ወይም ሊጥ፣ ቀጭን ክር፣ ቀላል ስፒኒንግ ዘንግ ይበቃዋል። ሐዋሳ አሞራ ገደል አጠገብ በእንጨትና በክር ብቻ የሚያጠምዱ ልጆችን ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የምትሄዱት ላንጋኖ፣ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ከሆነና ዘንግ ይዛችሁ ካላወቃችሁ የመጀመሪያ ገንዘባችሁን ቤይትካስቲንግ ላይ አታፍስሱ። መካከለኛ ስፒኒንግ ግዙ። ቤይትካስቲንግ ሁለተኛው ይሁን፣ ወይ ደግሞ ልባችሁ ያረፈው ጫሞ ወይም ጣና ላይ ከሆነ። ጣናን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐይቁ ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የትልልቅ ቢልጫ ዝርያዎች አሉ፤ የባሕር ዳር ሰው ነጭ ዓሣ ይላቸዋል። ግማሽ የሚሆኑት ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ቪዲዮው ላይ ካያችሁት ባስ ጋር በባሕርይ የሚቀራረበው የኛ ዓሣ እሱ ይመስለኛል። ነገር ግን በክረምት ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይሰባሰባሉ፤ በመረብ ተሰብስበው ቁጥራቸው የተመናመነውም በዚሁ ወቅት ነው። በክረምት የወንዝ አፍ ላይ አትወርውሩ። በሌላ ጊዜም የያዛችሁትን እጃችሁን አርጥባችሁ ብትመልሱት ያምርባችኋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ውጭ አገር ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው ዋጋ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዘንግ ይገኛል። ርካሽና አይበገሬ በመባል ስሙ የወጣው አግሊ ስቲክ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው፤ ፋይበር ግላስና ካርቦን ተቀላቅሎ የተሠራ። ከንጹሕ ካርቦን ዘንግ ይከብዳል፣ ንክሻውንም በዚያው ልክ አያስተላልፍም፣ ግን የመኪና በር ቢዘጋበት የመትረፍ ዕድል አለው። ካርቦኑ ቀላልና ስሜተ ስስ ነው፤ ድንጋይ ላይ አንዴ ከተመታ ግን ሳይታይ ይሰነጠቅና ዓሣው ሲመጣ ይሰበራል። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ለሚጫን ዕቃ እኔ የተቀላቀለውን እመርጣለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 50 ዶላር በብር ሲመታ ምን እንደሚመስል ለናንተ መንገር አያስፈልግም። የአንድ ወር ደመወዝ ላይ የምትወስኑት ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን ስትከፋፍሉ ከዘንጉ ይልቅ ለሪሉ ትንሽ ጨምሩ። ርካሽ ዘንግ ያጠምዳል፤ ርካሽ ቤይትካስቲንግ ሪል ግን ፍሬኑ ደካማ ስለሆነ ሲያናድዳችሁ ይከርማል።

ለዘመድ ስትልኩ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ባለ አንድ ወጥ ዘንግ አይሆንም። ሁለት ሜትር የሚረዝም እንጨት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ሚኒባስ ውስጥም ረዳቱ ጋ ያጣላል። «የጉዞ» የሚባለው ባለ አራት ክፍል 7 ጫማ ዘንግ ተነጣጥሎ እያንዳንዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ዘንጉም ሪሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ የቤይትካስቲንግ ዘንግ እጀታ ላይ ለጣት የሚሆን ቀንጠብ ያለ ነገር አለው፣ ቀለበቶቹም ትንንሽና ወደ ላይ የሚዞሩ ናቸው። የስፒኒንግ ሪል እዚያ ላይ አይመችም። ሦስተኛ፣ ሪሉ የግራ ወይስ የቀኝ እጅ ማዞሪያ እንዳለው ይጠየቅ፤ ከበሮው በላይ የሚሆነው ሪል ማዞሪያው እንደ ስፒኒንጉ ወደ ሌላው ጎን አይቀየርም።

ካዛንቺስ ሌላም መንገድ አላት። ስሟን ከጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ድርጅት ምህፃረ ቃል የወረሰችው ሰፈራችን በኮሪደር ልማቱ መልኳ ቢለወጥም፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አሁንም እዚያው ነው። ሥራ ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ ዜጋ ዕቃውን ሸጦ መሄዱ አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ከፍሪጅና ከሶፋ መካከል ዘንግ ቢገኝ አትደነቁ። ያገለገለ ዘንግ ስታገኙ ፎቶ አይታችሁ ብር አትላኩ። ገጣጥሙት፣ በአንድ ዓይን ከመያዣው ወደ ጫፉ ተመልከቱ፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ተመልሷል ወይም ተጎድቷል። ጥጥ ወስዳችሁ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፉ። ጥጡ ከያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፣ ክራችሁንም ይበላል። ክፍሎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ ጨመቅ አድርጋችሁ ድምፅ አዳምጡ። የሪሉን ማዞሪያ በጆሯችሁ አጠገብ አዙሩት፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ከሰጣችሁ ዋጋው በግማሽ ይውረድ፣ አለዚያም ተዉት።

ከተገኘ በኋላ ወደ ሐይቅ ከመሮጥ በፊት ሜዳ ላይ መለማመድ ያዋጣል። መንጠቆ ሳይኖር ክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት እሰሩ፣ ባልዲ 15 ሜትር ላይ አስቀምጡ። የሪሉን ፍሬን መጀመሪያ አጥብቁት፤ ክብደቱ በራሱ ቀስ ብሎ ሲወርድና መሬት ሲነካ ከበሮው ወዲያው የሚቆም መሆን አለበት። አውራ ጣታችሁ ከበሮውን እየነካ ይቆይ። እየለመዳችሁ ስትሄዱ ፍሬኑን በጥቂቱ ፍቱት። ልምምዱን ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሌለበት ቦታ አድርጉት። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዝናብ አዘል ደመና ሲያጉረመርምም ዘንጉን አስቀምጡ፤ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ከአካባቢው ረጅሙ ነገር እናንተ ትሆናላችሁ።

ጫሞ ላይ አዞ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጣና ላይ ጉማሬ አለ፤ ምሽት ሲል ውሃው ዳር ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ቢልሃርዝያም በነዚሁ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና የታወቀ ስለሆነ እግርን ውሃ ውስጥ ከትቶ ማጥመድ ጥሩ አይደለም፤ በዚህ በኩል ላንጋኖ ይሻላል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ አፈጻጸሙ ደግሞ በየክልሉ ነው። እንደ ነጭ ሳር ፓርክ ያለ ቦታ ስትደርሱ ፈቃድ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን የአካባቢውን አስጋሪ ሰላም በሉት። መረቡ የት እንደተዘረጋ የሚያውቀው እሱ ነው። መንጠቆአችሁ የሰው መረብ ውስጥ ገብቶ ቢቀድደው ለናንተ ቅዳሜ ነው፣ ለእሱ የቤት ኪራይ ነው።