ሻንሲው ላይ የተጻፈው ዓመት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2014 በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች የፌዴራል መርማሪዎች የሰው ደጃፍ አንኳኩ። የመጡት ሰው ሊይዙ አልነበረም። በየግቢውና በየጋራዡ የቆመውን፣ አፍንጫው ቀጥ ብሎ የተቆረጠውን፣ ትርፍ ጎማውን ጀርባው ላይ ያዘለውን የእንግሊዝ መኪና ፈልገው ነው። በዚያ ዘመቻ 40 ላንድሮቨር ዲፌንደሮች በመንግሥት እጅ ገቡ። ባለቤቶቹ ታርጋ አውጥተው በአደባባይ የሚነዷቸው መኪኖች ነበሩ።

ክሱም እንግዳ ነበር። መኪኖቹ ዕድሜያቸውን ዋሽተዋል ተባለ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚያን ቀን ምሥጢር ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዶላር በጠነከረበት ጊዜ አሜሪካውያን አውሮፓ ድረስ እየሄዱ በአገራቸው የማይሸጡ መኪኖችን በራሳቸው ገዝተው ያስገቡ ጀመር። በ1985 ብቻ ከ60 ሺህ በላይ መኪኖች በዚህ መንገድ ገቡ። አስመጪ ነን ባዮች በየከተማው ብቅ አሉ። አንዳንዱ ለአሜሪካ መመዘኛ የሚያበቃውን ሥራ በትክክል ሠራ፤ አንዳንዱ ግን ወረቀቱን ብቻ አሳምሮ መኪናውን እንዳለ ለቀቀው። በ1988 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ ከ1990 መጀመሪያ ጀምሮም በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና ማስገባት የፈለገ ሰው፣ ፈቃድ ያለው አስመጪ ይዞ፣ የመኪናውን ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ዋስትና አስይዞ፣ መኪናው ከአሜሪካ የደኅንነት መመዘኛ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ መሠራት እንደሚችል ማስረዳት ነበረበት። ለአንድ መኪና ሲባል ይህን ሁሉ መሸከም የሚችል ጥቂት ነው።

ላንድሮቨር ራሱ በፊት ለፊት በር ሞክሮ ነበር። በ1993 ለአሜሪካ ብሎ 500 ዲፌንደር 110 አዘጋጅቶ ላከ፤ ቀጥሎም አጭሩን 90 አመጣ። መኪናው ገና ሥር ሳይሰድ አዲስ ሕግ ደረሰበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሾፌሩም ለጎኑ ተሳፋሪም ኤርባግ ግዴታ ሆነ። መሠረቱ በ1948 ለገበሬ ተብሎ የተጠነሰሰ መኪና ያንን ለመሸከም እንደገና መነደፍ ነበረበት፤ ኩባንያውም ከ1997 በኋላ ዲፌንደርን ከአሜሪካ ገበያ አወጣው። ፈላጊው ግን አልቀነሰም። መኪናው ሲጠፋ ይባስ ተፈለገ።

ታዲያ በየት በኩል ይግባ?

አንዳንዱ በታትኖ በመለዋወጫ ስም አስገብቶ እዚያው መገጣጠም ይቻላል ብሎ አሰበ። አልሆነም፤ ሕጉ የተበታተነውንም መኪና መኪና ብሎ ያዘው። ሌላው ከመመዘኛው ጋር አስማምቶ የመሥራት ወጪውን ሲያሰላ ከመኪናው ዋጋ በለጠበት። መልሱ ግን ከመጀመሪያው እዚያው የ1988ቱ ሕግ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የተቀመጠ ነበር፦ ከተመረተ 25 ዓመት የሞላው መኪና የደኅንነት መመዘኛውን እንዲያሟላ አይገደድም። የአየር ብክለት ተቆጣጣሪው ደግሞ በመጀመሪያ ይዞታው ላለ መኪና 21 ዓመት ይበቃል ይላል።

በብልሃት እምቢ ያለውን ቁልፍ ጊዜ ከፈተው። ዲፌንደር የሚለው ስም የወጣው በ1990 ቢሆንም፣ መኪናው ራሱ በ1983 በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ተገጥሞለት 110 ተብሎ ወጥቶ ነበር። ሃያ አምስት ሲደመር 2008 ይመጣል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ 110ዎች በመርከብ ተጭነው በሕጋዊ መንገድ አሜሪካ መግባት ቻሉ። ስሌቱም በሞዴል ዓመት አልነበረም፤ በተመረተበት ወር ነበር። በሰኔ የተሠራ መኪና ግንቦት ላይ ወደብ ከደረሰ ሕገ ወጥ ነው፤ ወሩን ጠብቆ ከደረሰ ሕጋዊ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስል ነበር። ግን ዲፌንደር እንደ ሌላ መኪና አይደለም።

ላሜራው አሉሚኒየም ነው፤ የታሰረውም በብሎን ነው። በሩ፣ ኮፈኑ፣ ጣሪያው፣ ዳሽቦርዱ ሁሉ ተፈትቶ ሌላ ይገጠማል። የ1985ቱን በር ፈቶ የ2000ውን መግጠም ለሠለጠነ መካኒክ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ገበሬና ወታደር የወደዱትም ለዚሁ ነው፤ የትም ቢሰበር የትም ይጠገናል። ይኸው በጎነቱ ግን ለአታላይም ተመቸ። የአንድ ያረጀ ላንድሮቨር ሊብሬና የስም ሰሌዳ ይገዛና አዲስ መኪና ላይ ይለጠፋል፤ በወረቀት የ1980ዎቹ፣ በአካል የ2000ዎቹ መኪና ይሆናል። በ2013 የአሜሪካ ጉምሩክ እንዲህ ያለ ፎርጅድ ዲፌንደር በማሽን ሲያደቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ለሕዝብ አሰራጨ። ማስጠንቀቂያው ግልጽ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የጁላይ 2014 ዘመቻ መጣ።

አሁን እንቆቅልሹ ተገለበጠ። ድሮ ጥያቄው መኪናው እንዴት ይግባ የሚል ነበር፤ አሁን ደግሞ ይህ መኪና በእርግጥ ስንት ዓመቱ ነው የሚል ሆነ። ሞተሩ ተቀይሮ፣ በሩ ተቀይሮ፣ ወንበሩ ተቀይሮ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪና ዕድሜው በየትኛው አካሉ ይቆጠራል? መርማሪው አዲስ ዳሽቦርድ ሲያይ ማታለል ጠረጠረ፤ ባለቤቱ የሚያየው ግን ለዓመታት የተጠገነ መኪና ነው። ሁለቱም የሚያዩት አንድ መኪና ነበር።

ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ተስፋ ይቆርጣል፤ ከመንግሥት ጋር መሟገት የመኪናውን ዋጋ ያህል ያስወጣልና። ከተያዙት 40 መኪኖች የ25ቱ ባለቤቶች ግን ተሰባሰቡ፤ ጠበቃ ይዘው ቆሙ። ወራት አለፉ። መኪኖቹም ከባለቤቶቻቸው ርቀው ቆመው ከረሙ። በ2015 መንግሥት ሙግቱን ከመግፋት ይልቅ የእነዚያን ባለቤቶች መኪኖች ለመመለስ ተስማማ። እኔ በዚህ ታሪክ ከሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ያን ጊዜ ዝም ቢሉ ኖሮ የተጠገነ መኪና ሁሉ ፎርጅድ ተብሎ በቀረ ነበር።

የዕድሜው ጥያቄ መልስ ግን ያለው ከፍርድ ቤት ውጭ፣ በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከመኪናው ሥር ነው። የዲፌንደር ብሎን ሁሉ ቢፈታ እንኳ የሚቀረው የብረት ሻንሲው ነው፤ በእሱም ላይ በቀኙ የፊት ጎማ በኩል የሻንሲ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። የተለጠፈ ሰሌዳ በሁለት ሪቬት ይነሳል፤ ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ግን ተፍቆ ካልሆነ አይጠፋም፤ ቢፋቅም ጠባሳው ይቀራል። ችግሩ ያ ቦታ ሠላሳ ዓመት ጭቃና ግራሶ የተጋገረበት መሆኑ ነው። ደግነቱ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር አፈር ይዞ መግባትን ስለሚከለክል መኪናው ከመጫኑ በፊት ከሥሩ መታጠብ አለበት። ውሃው በኃይል ሲመታው ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ከሥሩም ፊደልና አኃዝ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

ሁለተኛው ቦታ እንግሊዝ አገር ጌይደን ነው። እዚያ የብሪታንያ የሞተር ኢንዱስትሪ ቅርስ ድርጅት የድሮ ፋብሪካዎችን መዝገብ ጠብቆ አስቀምጧል፤ የሶሊሀል ላንድሮቨሮችም አሉበት። የሻንሲ ቁጥሩ ሲቀርብለት መኪናው መቼ እንደተሠራና ሲወጣ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መኪናው ከመስመሩ በወረደበት ጊዜ ይህ ዕለት አንድ ቀን ውቅያኖስ ማዶ ያለ ጉምሩክ ፊት ይመሰክራል ብሎ ያሰበ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መንገዱ ለዲፌንደር ብቻ የተከፈተ አይደለም። በ1984 የወጣውና በአገራችን ገጠር መንገድ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ባለ 70 ላንድ ክሩዘር በአሜሪካ በይፋ ተሸጦ አያውቅም፤ እሱም ዛሬ በዚሁ በ25 ዓመቱ በር ይገባል። ከጃፓን ገበያ የሚመጣው ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተመረተበት ቀን ስለሌለው፣ የመጀመሪያ ሽያጭ ደረሰኝ ወይም 25 ዓመት የሞላው የምዝገባ ሰነድ ይጠየቃል።

እንግዲህ አሜሪካ ተቀምጣችሁ እንዲህ ያለ መኪና ለማስመጣት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ሻጩን ሻንሲውን አጥቦ የቁጥሩን ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። እምቢ ካለ ተዉት።