ስለ አይሮፕላን አምሳያ ሥራ

የአይሮፕላንን አምሳያ መሥራት የሕፃናት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ በልክ የሚሠራ ሰው መቍጠርን፥ መለካትንና መታገሥን ይማርበታል። አምሳያው ከዋናው 72 ጊዜ እንዲያንስ ቢታሰብ፥ ቁመቱ 180 ሳንቲሜትር የሆነ አብራሪ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል፤ በአምሳያው ላይ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት በዋናው ላይ 36 ሚሊሜትር ነው።

ልክ ግን የሚገኘው ከዋናው ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከሉድቪግ ዌበር ጋራ በአዲስ አበባ የሠሯት «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በጠላት ተወስዳ በኢጣልያ ኖረች፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰችውም በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የአገሩን አይሮፕላን ሊለካ የሚወድ ልጅ ባሕር መሻገር ነበረበት።

ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ቀርከሃ ሰንጥቀው ዝሆን የሚመስል ረዥም ቤት ይጐነጕናሉ፤ ሸማም ይሠራሉ። የቀድሞ አይሮፕላኖችም ክንፍ ብዙ ጊዜ ከቀላል እንጨትና ከተወጠረ ጨርቅ የተሠራ ነበር። ስለዚህ ለጋሞ ልጆች ዕቃውም ጥበቡም በደጃቸው አለ። ጨርቁ ተወጥሮ ሲቀባም ከሥሩ ያለው የክንፉ ዐጥንት በመጠኑ እንዲታይ መጠንቀቅ ይገባል።

እንግዲህ የ«ፀሐይ» ልክ በወረቀት ተነሥቶ ለአርባ ምንጭና ለሌሎችም ትምህርት ቤቶች ቢታደል መልካም ነው። ትንሹን በልክ የሠራ እጅ ትልቁን ለመሥራት አይፈራምና።