የሃይድሮሊክ መመርመሪያ መሣሪያ ዘይት ንጽሕና

የትራክተርን ሃይድሮሊክ ግፊት የሚለካው መሣሪያ ከትራክተር ወደ ትራክተር ሲዛወር ቆሻሻም ይዞ ይሄዳል። በመቀሌ አካባቢ በበጋ አቧራ ስለሚበዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፓምፕ የሚፍቀው ደቃቅ ቅንጣት በዓይን ስለማይታይ፣ ጥርት ያለ ዘይት ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

በአይ.ኤስ.ኦ. 4406 መለኪያ በላቦራቶሪ የሚቆጠሩት በ1 ሚሊ ሊትር ዘይት ውስጥ ያሉ 4፣ 6 እና 14 ማይክሮን የሚደርሱና ከዚያ የሚበልጡ ቅንጣቶች ናቸው። የደረጃው ቁጥር በ1 ሲጨምር ቆሻሻው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ስለዚህ፦

1. ቱቦ ከመፍታት በፊት ሞተሩን ማጥፋትና ግፊቱን ማስተንፈስ፤
2. መጋጠሚያዎችን ቃጫ በማይተው ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤
3. ከሥራ በኋላ የቱቦ ጫፎችን ወዲያውኑ መክደን፤
4. ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ስለገባበት መለወጥ፤
5. ናሙናን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ቀኑን መመዝገብ።

የልማት ሠራተኛው ይህን ለማኅበሩ ሾፌርና መካኒክ በተግባር ያሳይ።