በወንዝ ላይ በእግር የሚኬድበት ሸለቆ

ዛሬ ስለ ዛንስካር ሸለቆ ላስረዳችሁ ነው።

ዛንስካር የሚገኘው በሰሜን ህንድ፣ ላዳክ በሚባል አገር፣ በሂማላያ ተራሮች መሃል ነው። ከፍታው ከባህር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር ይበልጣል። በጥርና በየካቲት ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል።

በረዶ የተራራውን መንገድ ሲዘጋው መኪና አያልፍም ነበር። ታዲያ ሰው በምን ይወጣ ነበር? በወንዙ! የዛንስካር ወንዝ ላዩ ይረጋና መንገድ ይሆናል። መንገዱን «ቻዳር» ይሉታል፤ አንሶላ ማለት ነው። ከስር ግን ውሃው ይፈሳል። ምክንያቱም በረዶ ከውሃ ስለሚቀል ላይ ይንሳፈፋል፤ ከስር ያለውንም ውሃ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል።

መንገደኞች በረዶውን በዱላ እየነኩ፣ መጠንከሩን እያዩ ይራመዳሉ። ማታ ዋሻ ውስጥ እሳት አንድደው ያድራሉ። ጉዞው ብዙ ቀን ይፈጃል። በረዶው ከተሰበረ ወንዙ ሰው ይወስዳል። በዚህ መንገድ ሌህ ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው የሚሄዱ ልጆችም ነበሩ። አሁን በገደሉ ዳር የመኪና መንገድ ተሠርቷል።

እኔን ከሁሉ የገረሙኝ አባቶቹ ናቸው። አደጋውን እያወቁ፣ ልጄ ይማርልኝ ብለው ያን ሁሉ ቀን በበረዶ ላይ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር።

በሉ፣ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ!